ሦስተኛው ካሴት በደከመ ድንጋይ

የአንድ ባንድ ምርጡ ካሴት የመጀመሪያው አይደለም። ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ነው ይላል፤ «ገና ሳይበላሹ፣ ገና ጭብጨባ ሳያሳብዳቸው» እያለ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይናገራል። እኔ ሳይበላሹ የቀዱትን ሰምቼዋለሁ። የሚበላሽ ነገር አልነበረበትም።

የማወራው ስለ አንድ ባንድ ነው። አምስት የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያውን ካሴት ያወጡት አብዮቱ ጥቂት ዓመት ሲሆነው ነው፤ ሰባተኛውንና የመጨረሻውን ደርግ ሊወድቅ ሲንገዳገድ። ስማቸውን አልጠራም። ከፊሎቹ በሕይወት አሉ፤ የሞቱትም ልጆች አሏቸው፤ የሟች ልጅ ደግሞ ከሟቹ ይብሳል። ጊታሩን እንደ ወፍጮ ያስጮኹታል፣ ዘፋኙ ኪሱን እንደተሰረቀ ሰው ይጮኻል፣ ዘፈኑ ሳትዘጋጅ ይጀምርና ሳትለምደው ያልቃል። ዛሬ ወጣቶቹ «ፓንክ» ይሉታል። ያኔ ስም አልነበረውም። የሰፈራችን እናቶች «ያ ያበደው» ይሉት ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ስም እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

በቅርቡ አሰላ ውስጥ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቆመኝ። ሰባቱንም ካሴት ውጭ አገር በሸክላ መልሰው አሳትመውታል አለኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ። ከሰባቱ የትኞቹን ልግዛ?»

«ለምን ትገዛለህ?»

«እንዴ! ታሪክ ነው እኮ!»

ታሪክ ነው ሲሉኝ ጥዬ መሄድ ያምረኛል። ቢሆንም ልጁ ጨዋ ስለነበረ እዚያው ቆሜ መለስኩለት፤ ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያውን አትግዙ። ከበሮው ጀሪካን የሚደበድቡ ይመስላል፣ ጊታሩ አልተቃኘም፣ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞታል። «ንጹሕ ነው» የሚሉት እሱን ነው፤ ንጹሕ ያሉት ያልታጠበውን ነው። ሁለተኛው ያው የመጀመሪያው ነው፤ ጉንፋኑ ብቻ ለቆታል። አራተኛውን ሲቀዱ አንድ ሰው ካኪ አልብሷቸው ነበር፤ ስለ ማረሻና ስለ መዶሻ እየጮኹ ቀዱት። ቀበሌያችን ስብሰባ ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ማጉያ ያንን ይከፍትብን ነበር፤ እኔ እስከ ዛሬ የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ስሰማ እግሬ ወንበር ይፈልጋል። አምስተኛው ላይ ራሱ ከበሮ የሚመታ ኦርጋን ገዙ፤ ከበሮ መቺያቸው አጠገቡ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ደመወዙን አልከለከሉትም ማለት ነው። ስድስተኛው የሰርግ ነው። ሰባተኛው የመጀመሪያው ነው፤ በወፈሩ ሰዎች የተዘፈነ።

ሦስተኛውን ዘለልኩት።

ይህን ሁሉ የማውቀው ባንዱን ስለምወደው አይምሰላችሁ። የምወደው ማወቄን ነበር። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሰላ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል እደረድራለሁ። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ የምሄደው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ካሴት ቤት ነበር። ቤቱ የእርጥብ ካፖርት፣ የጋሪ ፈረስና የተቃጠለ ሽቦ ሽታ አለው። እዚያ አራት ጓደኛሞች መስኮቱን ተደግፈን እንቆማለን። እምብዛም አንገዛም። የእኛ ሥራ መፍረድ ነው። አንድ ገበሬ ከጎበሳ ወርዶ እህሉን ሸጦ፣ ጋቢውን አስተካክሎ፣ «አዲሱን ስጠኝ» ሲል እኛ እርስ በርስ እንተያያለን። መተያየታችንን እንዲያይም እንጠብቃለን። ሰውየው አፍሮ የያዘውን ካሴት መልሶ ያስቀምጣል። ይህን እየጻፍኩ እንኳ አፌ ይመረኛል።

ባለሱቁ የአርሲ ሰው ነው፤ አማርኛውን ከኦሮምኛ ጋር እየፈተለ ይናገራል። እኛን «ዳኞች» ብሎ ነበር የሚጠራን።

«አቦ ዳኞች፣ ከመስኮቴ ዞር በሉ! ብርሃን ከለከላችሁኝ፣ ገበያ ከለከላችሁኝ፣ አየር ከለከላችሁኝ!»

እኛ ምርቃት አድርገን እንወስደው ነበር።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኛለች። ያኔ ጤና ረዳት ናት፤ ከጮሌ ከተማ ማዶ በበቅሎ ከሚደረስበት አንድ ትንሽ ክሊኒክ ተመድባ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋል። መኪና አይገባም፣ ደብዳቤ አይገባም፣ ጭቃውን ደፍሮ የሚወጣ ሰው ከተገኘ እሱ ፖስታ ይሆናል። አብሯት ይሠራ የነበረው ነርስ ያንን ዓመት ተዛውሮ ሄዷል፤ ምትክ አልመጣም። ግንቦት መጨረሻ ላይ መድኃኒት ልትወስድ አሰላ ስትመጣ ፊቷ ከስቶ ነበር። በመሀረብ የጠቀለለችው ነገር ነበራት። ቤት ገብታ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ «ካሴት ቤት ውሰደኝ» አለችኝ።

ወሰድኳት። ጓደኞቼ በቦታቸው ነበሩ። መሀረቡን ፈታችና ካሴቱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ሦስተኛው ነው። ክሩ ወጥቶ እንደ ዶሮ አንጀት ተንጠልጥሏል።

«ቴፑ በላው» አለች ለባለሱቁ። «በእስክሪብቶ ላጠነጥነው ብል ተበጠሰ። ሌላ ይሄንኑ ይስጡኝ።»

ከእኛ መካከል አንድ ረጅም ሰው ነበር፤ የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ በሱ ጆሮውን እየቆፈረ የሚያወራ። ጥፍሩን አወጣና አየው።

«የመጀመሪያውን ይውሰዱ» አላት። «ሦስተኛውን የሚወዱ ሰዎች ባንዱን አያውቁትም።»

«እኔ ባንዱን ማወቅ አልፈለግሁም። ካሴቱን ነው የፈለግሁት።»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ነገሩን ላለዝብ ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ማወቄን ላሳይ ብዬ፣ ጠየቅኋት።

«ከሦስተኛው የቱን ነው የምትወጂው?»

«ቀስ ያለውን ነዋ። በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለውን።»

አራታችንም ተያየን። ይህ ባንድ ቀስ ያለ ዘፈን የለውም። በሰባት ካሴት ውስጥ አንድ እንኳ የለም፤ ቀስ ብሎ መዝፈን ለእነሱ እንደ መሸነፍ ነበር።

«የለም» አልኳት።

«አለ።»

«እህቴ፣ እኔ ልንገርሽ፣ የለም።»

ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ማንጎራጎር ጀመረች። ዝቅ ያለ፣ ረጅም፣ የሚጎተት ዜማ ነው፤ የደከመው ሰው ዳገት ሲወጣ የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። ቀጥሎ አወቅሁትና ጮህኩ።

«እሳት አደጋው!»

በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ያለውን ዘፈን እኛ «እሳት አደጋ» ነበር የምንለው። ባንዱ ከቀዳቸው ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው፤ እሳት አደጋ መኪና በመንደር መሀል ሲያልፍ ማለት ነው። እህቴ እሱን ነበር እንደ ልቅሶ የምታንጎራጉረው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። እዚያ መብራት የለም፤ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። የደከመውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ መልሰው ይከቱታል። በደከመ ድንጋይ ካሴት ሲዞር ይጎተታል። ድምፁም አብሮ ይወርዳል፤ ጎረምሳው ሽማግሌ ይሆናል።

ይህን ለጓደኞቼ አስረዳሁ። ጮክ ብዬ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ እሷ እዚያው ቆማ እያለች። ረጅሙ መስኮቱን ይዞ ሳቀ።

«ትዝታ አድርገውታል! እሳት አደጋውን ትዝታ አድርገውታል!»

እህቴ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቃሉስ?»

«የምን ቃል?»

«ሰውዬው የሚለው። ‹ሂጂም አልልሽም፣ ቅሪም አልልሽም፤ መንገዱ እስኪደርቅ ግን ትቼሽ አልሄድም› ይላል እኮ።»

«እንዲህ አይልም!» አልን፣ ሦስት አራት ሆነን በአንድ አፍ።

«ታዲያ ምን ይላል?»

ማናችንም አናውቅም ነበር። ያንን ዘፈን መቶ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ስለ ጊታሩ አንድ ሰዓት ማውራት እንችላለን፤ ሰውየው ምን እንደሚል ግን ጠይቀን አናውቅም። የሚሰማም አይደለም፤ ቃሉ እንደ ተወረወረ ጠጠር ያልፋል።

«ቃሉ ምን ያደርጋል?» አልኳት። «ዋናው ኃይሉ ነው።»

ባለሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ሲፈልግ ቆይቶ አንድ ሦስተኛ ካሴት ይዞ ተነሣ። የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ አልመጣለትም።

«ኦቦሌቲ፣ እንኪ» አላት፤ እህቴ ማለቱ ነው። «እነዚህን ተያቸው። እነዚህ ምሳ ሲያጡ ሰው ይበላሉ።»

ወደ ቤት የተመለስነው በጋሪ ነበር። ዝናቡ ጀምሯል፤ ጋሪው ጭቃ ውስጥ እየገባ ይወጣል። እህቴ ካሴቱን ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ከዚያ የፈረሱን ጀርባ እያየች ተናገረች።

«ክረምቱን የምወጣው አይመስለኝም። አባባ እንዳይሰማ። ባለፈው ነሐሴ ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አስሬ ነበር።»

በዚያ ዘመን ሥራን ያለ መልቀቂያ ጥሎ መሄድ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ የዚያ ዘመን ሰዎች። ሌላ ሥራ የለም። አባታችንንም ቀበሌው ጠርቶ «ልጅህ አብዮቱን ጥላ የት ሄደች?» ይለዋል፤ አባታችን ደግሞ ልቡ ታማሚ ነው።

«ለምን ፈታሽው ታዲያ ሻንጣውን?» አልኳት።

«ያንን ዘፈን ከፍቼ። ‹መንገዱ እስኪደርቅ› ሲል… እንጃ። መንገዱ እስኪደርቅ ነው እንጂ እስከ ዘላለም አይደለም አልኩ። ፈታሁት።»

አስተዋይ ወንድም ቢኖራት ኖሮ እዚያ ላይ እጇን ይይዝ ነበር። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ድንጋይ ነበር። ምስኪን እህቴ፣ አልኩ በሆዴ፣ ይህን ታላቅ ዘፈን አንድ ቀን እንኳ በትክክል ሳትሰማው! በማግስቱ ወዳጅ ለምኜ፣ ከሱቅ ጓዳ ያልወጣ አዲስ ድንጋይ ለቴፗ የሚበቃ ገዛሁላትና ስትሳፈር ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩት።

«አሁን በትክክል ትሰሚዋለሽ» አልኳት።

«አመሰግናለሁ፣ የኔ ሊቅ» አለች። የሰደበችኝ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ክረምቱ ገባ። አሰላ ክረምት ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማያውቅ ሰው አልዘረዝርም፤ ጫማ አይደርቅም፣ ሰማይ አይታይም፣ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት እርጥብ ሱፍ ይሸታል። በየሳምንቱ ከጮሌ በኩል የመጣ ሰው እንዳለ መናኸሪያ እየሄድኩ እጠይቅ ነበር። አባቴ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ «ካሴት» እለው ነበር። የምፈራው እሷን ራሷን እዚያ ከሻንጣዋ ጋር እንዳላያት ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ የእህል ነጋዴ በእግሩ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና መጥቶ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ሰጠኝ። የእሷ ጽሕፈት ነው፤ እንደ መድኃኒት ማዘዣ አጭር ነው። ከሞላ ጎደል እንዲህ ይላል።

«ድንጋዩን ከትቼ ካሴቱን ሰማሁት። የምን ጩኸት ነው? ያ ሰውዬ የለም። ሌላ ሰው ገብቶበታል፣ የሚጣደፍ። ካሴቱ የተሳሳተ መስሎኝ አገላበጥኩት። ከዚያ አንተ ትክክለኛው ይሄ ነው ማለትህ ትዝ አለኝ። አሥር ቀን አልከፈትኩትም። ሻንጣውን አሰርኩት። መሄጃው ስለሌለ ነው እንጂ ሄጄ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶ ነበር። ድንጋዩን አውጥቼ ለእጅ ባትሪዬ አደረግሁት። ሦስት ሕፃናት አዋልጄበታለሁ፣ ሁለቱ ሴት። አሁን ድንጋዩ ደክሟል። ትናንት መልሼ ቴፑ ውስጥ ከተትኩት። ሰውዬው ተመልሷል። እባክህ ሌላ ድንጋይ አትላክልኝ።»

ይህን ሳነብ መጀመሪያ የተሰማኝ ነገር እፎይታ ቢሆን ደስ ባለኝ። አልነበረም። ተናደድኩ። «ያ ሰውዬ የለም» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እያለሁ! ስሕተቷን ላረጋግጥ ተነሣሁ። ካሴት ቤቱ ሄጄ የባለሱቁን የራሱን የማዳመጫ ቅጂ ለአንድ ቀን ለመንኩት፤ እየተሳደበ ሰጠኝ። ጎረቤታችን ያሉ ባልቴት ራዲዮናቸው ውስጥ የሞተ ሊባል ትንሽ የቀረው ድንጋይ ነበራቸው፤ ተዋስኳቸው።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ልጄ? እኔ ዜና እንኳ አላሰማኝ ብሎ ትቼዋለሁ» አሉኝ።

«ለጥናት ነው» አልኳቸው። ለጥናት!

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ አባቴ እንዳይሰማኝ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ድንጋዩን ቴፔ ውስጥ ከትቼ ካሴቱን በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ጊታሩ ወፍጮ መሆኑ ቀርቶ የሩቅ መኪና ሆነ። ከበሮው በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሀል ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወ። ዘፋኙ የተሰረቀ ሰው መሆኑን ትቶ ዕድሜ የተጫነው፣ ዝም ብሎ የሚናገር ሰው ሆነ። ቃሉም ተሰማ። አንድ በአንድ፣ ፊደሉ ሳይጎድል። ሂጂም አልልሽም። ቅሪም አልልሽም።

እሷ እንዳለችው ነበር። ቃል በቃል። ቀጥሎ ደግሞ እሷ ያልነገረችን ሌላ ስንኝ አለ፤ እኛ ስንስቅባት ያልጨረሰችው። ሰውየው ፍቅር አይለምንም፣ አይሸልልም። ጭቃ ላይ ከቆመ ሰው ጋር አብሮ ይቆማል፤ ሌላ ምንም አያደርግም። ባንዱ ይህን ጽፎ፣ አፍሮበት፣ እንዳይሰማ አድርጎ ፈጥኖ ጮኸው። እኛ ደግሞ ፍጥነቱን አጨበጨብንለት።

አዘንኩ እላለሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ረጅሙን ሰውዬና ጥፍሩን አሰብኩ። መስኮቱን አሰብኩ። የጎበሳውን ገበሬ አሰብኩ፤ ምናልባት እሱም በደከመ ድንጋይ የሚሰማው፣ እኛ የማናውቀው ሌላ ባንድ ነበረው። ካሴቱን መልሼ ከዚያ ቀን በኋላ መስኮቱን አልተደገፍኩም። ባለሱቁ «ከዳኞቹ አንዱ ጡረታ ወጣ» ብሎ አወራብኝ።

እህቴ መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ መጣች። ፊቷ መልሶ ሞልቷል። ልነግራት አስቤ ነበር፤ ቃላቱን ሁሉ መናኸሪያው ላይ ቆሜ አዘጋጅቻለሁ። ከመኪናው ወርዳ ሳመችኝ፣ ስለ አባታችን ጠየቀችኝ፣ ስለ ዱቄት አወራችኝ፣ ስለ አንዷ ሕፃን አወራችኝ። ስለ ዘፈኑ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም አልጀመርኩም። መፍረድ የለመደ ሰው ተሳስቻለሁ የሚለውን ቃል ሲፈልግ አፉ ውስጥ አያገኘውም።

እዚያ ክሊኒክ ሌላ ሁለት ክረምት ከረመች። በመጨረሻው ክረምት ያንንም ካሴት ቴፑ በላው፤ የነገረችኝ እሷ አይደለችም፣ ከአባቴ ሰማሁ። ሌላ ካሴት እንድገዛላት አልጠየቀችኝም። ያን ዘመን ይቅርና እስከ ዛሬ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን ጡረታ ወጥታ ከቤቴ ሁለት መንገድ አልፋ ትኖራለች። መጽሐፍ ስትፈልግ የጎረቤት ልጅ ትጠይቃለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለማላውቀው ሰው ይህን አንብቡ፣ ያንን ስሙ እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰውዬ፣ ለአንድ ሰው ብቻ ልመርጥ እፈልጋለሁ፤ ያች አንዷ ደግሞ አትጠይቀኝም።

ያ ጨዋ ወጣት ሸክላዎቹን ሲያስመጣ ሦስተኛውን ስልኬ ላይ ቀድቶልኝ ነበር። ውጭ አገር «አጽድተውታል»። እህቴ ቤት ይዤው ሄድኩና ከፈትኩላት። ግማሹን ሰምታ «ይሄ ያ የሚጣደፈው ነው» አለች። ልጇ ብልህ ነው፤ ስልኩን ተቀበለኝና በአንድ ነገር ነካክቶ ዘፈኑን ቀስ አደረገው። ቀስ አለ፤ ድምፁ ግን አልወረደም። ጎረምሳው ጎረምሳ እንደሆነ ቀረና ምላሱ ብቻ ተንቀራፈፈ።

«ይሄስ የታመመ ነው» አለች እህቴ። «ዝጋው ልጄ፣ ያሳዝናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ስንት ዓመት ያልሰማሁትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። «እዚያ ክሊኒክ ብቻዬን አልነበርኩም እኮ። ያ ሰውዬ ነበር።»

ቴፕ አለኝ፤ የድሮ፣ በድንጋይ የሚሠራ። የደከመ ድንጋይም በቆርቆሮ ሞልቼ አስቀምጫለሁ፤ የቤቴ ሰዎች ለምን እንደማልጥለው አያውቁም። የሌለኝ ካሴቱ ነው። ካሴት ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ባለሱቁም አርፏል፤ ሸክላ ደግሞ በድንጋይ አይዞርም።

ስለዚህ ስለ ሰባቱ የጻፍኩትን ምክር እርሱት፤ የፈለጋችሁትን ግዙ። ከእናንተ መካከል ግን ያ ሦስተኛው ካሴት በሳጥንም ይሁን በቁም ሣጥን ሥር ያለው ሰው ካለ፣ ይሽጥልኝ። እንዳታጸዱት። ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላችሁም አንድ ቃል እንዳትነግሩኝ።